ሲሞላ የሚጮኸው ማሽን

መስከረም 24

ለወንድሜ ለብሎን፣

ሰላምታዬ ለአንተም፣ ለእማማም፣ ለአንበጣዬም እኩል ይድረስ። ያነሰ ከመሰለህ ከራስህ ድርሻ ቀንሰህ ለልጄ ጨምርላት፤ አንተ ድሮም ከሰላምታ ይልቅ ምሳ ነው የምትወደው።

«ስልክሽ የተዘጋው ሞተሽ ነው ወይስ ኮርተሽ?» ብለሃል። አልሞትኩም፤ የምኮራበት ነገርም ገና አላገኘሁም። ስልካችንን በር ላይ ተቀብለው፣ በየስማችን ፖስታ ውስጥ አሽገው ቆልፈውበታል። የምንሠራው አዲስ የጌም ማሽን ለገበያ እስኪወጣ ድረስ እዚህ ግቢ ውስጥ ስልክ የሚባል ነገር የለም። አንዱ ፎቶ አንስቶ ቢያወጣው የስንት ዓመት ልፋት ገደል ገባ ይላሉ። ማደሪያችን ኮሪደር ላይ አንድ የግድግዳ ስልክ አለ፤ ጥበቃው ግን ወንበሩን አስጠግቶ ስለሚቀመጥ ሦስት ሆናችሁ እንደማውራት ነው። ስለዚህ እንደ ድሮ ሰው በደብዳቤ እንጠያየቅ። ደብዳቤውንም ቢሆን በሩ ላይ ተቀምጦ የሚያነብ ሰው አለ። (ጌታዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። ብሎን ያልኩት ወንድሜን ነው። ልጅ ሆኖ ትንሽዬና ከእጅ የሚያመልጥ ስለነበረ የወጣለት ስም ነው እንጂ ከማሽናችሁ ብሎን ጋር ዝምድና የለውም።)

ሥራሽ ምንድን ነው ላልከው፣ ሙቀት መፈተሽ ነው። ከዚህ በላይ ብጽፍ የበሩ ጌታ ይደመስሰዋል። መስኮት በሌለው ረጅም ክፍል ውስጥ ነጭ ካፖርት ለብሼ፣ ፀጉሬን በፕላስቲክ ኮፍያ ሸፍኜ እውላለሁ። ማሽኖቹ መደርደሪያ ላይ ሆነው ቻርጅ ይደረጋሉ፤ እኔ ከልክ በላይ የጋለውን ከደህናው እለያለሁ። አጠገቤ የምትሠራውን ልጅ ሳቂታ ነው የምንላት። ከጠዋት እስከ ማታ ስለ እጮኛዋ እያወራች ጆሮዬን ታደርቀዋለች፤ ባትኖር ግን አብድ ነበር።

አሁን ዋናውን ልንገርህ። ማሽኑ በሰላም ከወጣ ኮንትራታችን ይታደሳል፤ የታደሰለት ሰው ደግሞ የቤተሰብ ክፍል ያገኛል። አንበጣን አመጣታለሁ። አባቷ ገና ሳትወለድ እብስ ብሎ ጠፍቷል፤ እኔንም እንደ እሱ የሄድኩ እንዳይመስላት ነው ፍርሃቴ። ለጊዜው እንዳትነግራት፤ ከቀረ ትጎዳለች።

እህትህ

ጥቅምት 18

ለእትዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እንዳለን አለን። የእማማን ነገር ደብቀኸኛል ብለሽ ለተቆጣሽው፣ ደብቄሽ ሳይሆን አላሳስብሽም ብዬ ነው። ራስ ምታቱ ተመልሶባታል። ማንኪያ ሲወድቅ እንኳ ግንባሯን ይዛ ትቀመጣለች። ሐኪሙ ፀጥ ያለ ቦታ ያስፈልጋታል አለ። እኔም «ቤታችን ውስጥ አንበጣ አለች» ብዬ ነገርኩት፣ ነፍሳት መሰለው።

ሱቄ እንደምታውቂያት ናት፤ በልብስ ሰፊውና በጫማ አዳሹ መሃል ተቀርቅራለች። አሁን ግን የእናንተ ማሽን ፖስተር ተለጥፎባት ልዕልት ሆናለች። «ምሳ በልተው ሳይጨርሱ ይሞላል» ይላል። ባትሪው ነው የሚሞላው፤ ሆዳችንን ማን ይሞላዋል የሚል ግን አልጠፋም። ሰው ገና ሳያየው ስሙን እያስመዘገበ ነው። እስኪመጣ ድረስ እኔ በአሮጌዎቹ እኖራለሁ። እንደ ወፍጮ ቤት እያጓሩ ይመጣሉ፤ እኔ አቧራቸውን ጠርጌ፣ ማቀዝቀዣ ፋናቸውን ቅባት ቀብቼ፣ እምቢ ካለም ሽቦው ላይ አንዲት ትንሽ ሬዚስታንስ በይጄ ፍጥነቱን እቀንስና ጭጭ አሰኛቸዋለሁ። በሰፈሩ ዝናዬ ይኸው ነው። «ልጄንም እንዲህ አድርግልኝ» ያለችኝ እናት አለች።

አንበጣ የፊት ጥርሷ ወልቆ በክፍተቱ ማፏጨት ጀምራለች። ሥዕል ስትስል ከጠረጴዛ አትነሳም፤ እኔንም ሳለችኝ፤ ጆሮዬን እንደ በር አስፍታዋለች። ከታች ያለው የእሷ ነው፤ አላረምኩትም።

ወንድምሽ

እማዬ እኔ ነኝ። ትልልቅ አድርጌ የጻፍኩት ከሩቅ እንዲታይሽ ነው። አጎቴ ቀልደኛ ነው። መቼ ትመጫለሽ።

ኅዳር 27

ለብሎን፣

ስለዘገየሁ ይቅር በለኝ። ቤቱ ጥድፊያ በጥድፊያ ሆኗል። እንቅልፍና ምግብ በፈረቃ ነው፤ ሲሻን ደግሞ አንዱን እንዘላለን።

ሳቂታን ጠይቀሃል። የለችም። የማሽኑን ቀለም ለእጮኛዋ በደብዳቤ ጽፋለት ኖሯል፤ ቀለሙን ብቻ። በማግስቱ አልጋዋ ተጠቅልሎ አገኘሁት። ቦታዋ ላይ የተቀመጠችው አዲሷ ልጅ ቃል አይወጣትም፤ እኔም አፌን ለጉሜያለሁ። ስለዚህ ከዚህ በኋላ ስለ ሥራዬ አትጠይቀኝ። ደክሞኛል ወይ ላልከው ግን አዎን፣ ደክሞኛል። ሥራው ላይ ያልተዋጠልኝ ነገር አለ። አለቃችን ማሽኑ የሚወጣበት ቀን አይገፋም፣ ፖስተሩ ተለጥፏል፣ አለ፤ ቀኑም ሳይገፋ ቀረ። ከዚህ በላይ አልልም።

አሁን ደስ የሚለውን። በምርቃቱ ቀን ለእያንዳንዳችን አንዳንድ ማሽን በስጦታ ይሰጡናል። የእኔን ለአንበጣዬ እልካለሁ። ሳጥኑን ስትከፍተው ፊቷን በደንብ እያትና ምንም ሳታስቀር ጻፍልኝ። እጄ የነካው ነገር እጇ ሲገባ ማየት አልታደልኩም፣ በአንተ ዓይን ልየው።

እህትህ

ታኅሣሥ 22

ለእትዬ፣

ደርሷል! ምንም አታስቀር ስላልሽኝ ከሱቁ ልጀምር። ማሽኑ ገበያ ላይ የዋለ ቀን ሰልፉ ከእኔ በር ተነስቶ ልብስ ሰፊውን አልፎ ሄደ። ልብስ ሰፊው ሱሪ የሚያሰፋ ሰው መስሎት ሜትሩን አንገቱ ላይ ጥሎ ወጣ። ያመጣሁት ሁሉ ከቀትር በፊት አለቀ፤ ያልደረሰው ሰው እኔን እንደ ሌባ እያየ ሄደ።

የአንቺ ጥቅል የመጣው በሳምንቱ ነው። አንበጣ ሳጥኑን አልቀደደችም። እንደ ትልቅ ሰው ጥግ ጥጉን በጥፍሯ እያላቀቀች ከፈተችውና ማሽኑን ሳይሆን ካርቶኑን አሸተተች። «እማዬ እንዲህ ነው የምትሸተው?» አለችኝ። አንጀቴን በላችው። አዎን አልኳት፣ ምን ልበላት።

ስንሰካው ግን ጉድ ፈላ። እትዬ፣ ምን ዓይነት ጩኸት ነው! ሲጫወቱበት ደህና ነው፤ ቻርጅ ሲደረግ ግን ሊበር የተነሳ አውሮፕላን ነው የሚመስለው። እማማ ክፍሏ ሆና «ያንን ነገር ወይ አብርሩት ወይ አጥፉት» አለች። ልጅቷም ከእማማ ጋር አንድ ክፍል ስለሆኑ ወጥ ቤት ወስዳ ትሰካዋለች፤ የሽቦው እኩሌታ ኮሪደር ላይ ነው፣ ሁለት ጊዜ ጠልፎኛል። የሸጥኩላቸውም ሁሉ በዚሁ እያማረሩ ይመጣሉ።

ወንድምሽ

እማዬ በጣም በጣም ነው የወደድኩት። ሲጮህ አንቺ የጠራሽኝ ይመስለኛል። አያቴ ግን አልወደደችውም።

ጥር 6

ለብሎን፣

የአንበጣን ጽሑፍ ትራሴ ሥር አድርጌዋለሁ። ስልካችን አልተመለሰም፤ ከዚህኛው ማሽን ጀርባ ሌላ አዲስ አለ፣ ምስጢሩም እንደገና ተጀመረ። የበሩ ጌታም ወንበሩ ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ በላክኸው ደብዳቤ «ጩኸቱ ምክንያት አለው ወይ?» ብለህ ጠይቀኸኛል። ምንም ምክንያት የለውም። ርካሽ ፋን ነው የገጠሙለት፣ ሌላ አይደለም። ለሚያማርሩህም እንዲሁ በላቸው። ለእናንተ ግን አንድ ነገር ልምከርህ፤ ቻርጅ ሲደረግ ከእማማ ክፍል ራቅ ይበል። አልጋ ላይ አይሁን፤ ወጥ ቤት ማድረጋችሁ ጥሩ ነው። የእማማ ራስ ይረፍበት።

የኮንትራቴ ነገር በዚህ ወር ይታወቃል። አለቃዬ ሲያልፍ ጭንቅላቱን ነቅነቅ አድርጎልኛል፤ ምልክቱ ደህና ነው። ሁለት ሰው የሚያስተኛ ክፍል ሄጄ በመስኮት አየሁት። መደርደሪያ አለው፣ ለሥዕሎቿ ይሆናል።

እህትህ

የካቲት 3

ለእትዬ፣

ደህና ነን። አንበጣ ለምን አልጻፈችልኝም ብለሻል። ትምህርት በዝቶባት ነው። ሰላም በልልኝ ብላለች። እማማም ደህና ናት። ሱቅም ደህና ነው።

ኮንትራትሽ በመታደሱ ደስ ብሎኛል። ልጅቷን ለመውሰድ ግን ትንሽ ቆዪ፣ አትቸኩዪ። የትምህርት ዓመቱ ይለቅ። በሌላ ጊዜ ዘርዘር አድርጌ እጽፋለሁ፤ ዛሬ ሰው እየጠበቀኝ ነው።

ወንድምሽ

የካቲት 19

ለእትዬ፣

ሦስት ደብዳቤሽ ተከታትሎ ደረሰኝ። በመጨረሻው «ፊደሏን ካላየሁ ሁሉን ጥዬ እመጣለሁ» ብለሻል። ፊደሏን ልታዪ አትችዪም። በሕይወት አለች፤ ይህን ያስቀደምኩት ወረቀቱን እንዳትጥዪው ነው። እጆቿ ተቃጥለዋል። ሁለቱም።

ያቃጠልኳት እኔ ነኝ።

ጩኸቱ ምክንያት የለውም፣ ርካሽ ፋን ነው ስትዪኝ፣ ከዚያ በኋላ ምን እንደማደርግ ታውቂኛለሽ። ማሽኑን ከፍቼ ሬዚስታንስ በየድኩና ጭጭ አሰኘሁት። እማማ መረቀችኝ፣ አንበጣ ግን አንቺን ያፈንኩባት ይመስል አኮረፈች። ከእማማ ክፍል ራቅ ይበል ያልሽውም ለጩኸቱ ነበርና፣ ጩኸቱ ከቀረ ምን አደርጋለሁ ብዬ ከወጥ ቤት መለስኩት። ልጅቷ አልጋ ላይ ሆና እየሰካች መጫወት ጀመረች። እኔው ነኝ የፈቀድኩላት፤ ማከፋፈያውንም እስከ ራስጌዋ የዘረጋሁላት እኔው ነኝ።

በጥር መጨረሻ፣ እሁድ ከሰዓት፣ ሱቅ ነበርኩ። እማማ ጋደም ብላ ነበር፣ ልጅቷ ከጎኗ። የሆነውን ከእማማ አፍ ነው የሰማሁት፤ እሷም እስከ መጨረሻው አትናገረውም። ማሽኑ ሲነድ አንበጣ ልትጥለው አልፈለገችም፤ ይዛው ወደ ውጭ ልታወጣው ሮጠች። የአንቺ ስለሆነ ነው።

ግራ እጇ ይድናል ብለዋል። ቀኙ አውራ ጣቱ ብቻ ነው የሚታጠፈው። ከአሁን በፊት ያልጻፍኩልሽ ፈርቼ ነው፣ ሌላ ሰበብ የለኝም። የፈለግሽውን በዪኝ።

ወንድምሽ

መጋቢት 2

ብሎኔ፣

ብዙ ቀን ብዕር አንስቼ አስቀመጥኩ። አልቅሼ ጨርሻለሁ ብልህ ውሸት ነው።

ጥፋትህ አይደለም። ለእማማ አዝነህ፣ ለልጄ አስበህ ያደረግከው ነው። ክፉ ዕለት ሲመጣ አይነግርም። እኔ ይቅር ብዬሃለሁ፤ ከልቤ ነው። ራስህን እንዳትጎዳ፣ እኔ ከአንተ በቀር ማን አለኝ? የማሽኑን ነገር ግን ከእንግዲህ አታንሳብኝ፣ እንዴት እንደተከፈተ፣ እንዴት እንደተበየደ ማንበብ አልችልም።

ፈቃድ ጠይቄ የሚያዝያ መጨረሻ ይድረስ ብለውኛል። እጇን ሳምልኝ ልልህ ነበር። ግንባሯን ሳምልኝ።

እህትህ

መጋቢት 25

ለእትዬ፣

ደብዳቤሽን ሳምኩት። እንዲህ ስልሽ ለማሳመር አይደለም፣ ሱቄ ውስጥ ቆሜ በከንፈሬ ሳምኩት። ለእማማ ጮክ ብዬ አነበብኩላት፤ «እህት ማለት እንዲህ ናት» ብላ ረጅም ምርቃት መረቀችሽ።

ከድርጅታችን መጥቶ ያነጋገራችሁ ሰው አለ ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። ከድርጅታችሁ አንድ ሰው መጥቶ ነበር። ትሑት ሰው ነው፣ ጫማውን በር ላይ ሊያወልቅ ሁሉ ነበር። ማሽኑ በማይመለከተው ሰው ተከፍቷል፣ ቃጠሎውም የመጣው በዚያ ነው የሚል ወረቀት አምጥቶ ፈርም አለኝ። ፈረምኩ። ሕክምናዋን በቸርነት እንችላለን ብሏል። አንቺ ይቅር ካልሽኝ በኋላ ጥፋቴን ማመን አልከበደኝም።

ከዚያ የአዲሱን ማሽን ፋን ዝም ያሰኘሁላቸው ሰዎች ዘንድ ቤት ለቤት ዞሬ የበየድኩትን ፈታሁ። አንዳንዱ ስሜን ጠርቶ ሰደበኝ፣ አንዳንዱ ውሃ ሰጠኝ። የመጨረሻውን ስጨርስ ካቻቪቴዎቼን ለጫማ አዳሹ ሰጥቼ ሱቁን ዘጋሁ።

ለአንበጣም ነገርኳት። «ማን ነው ያቃጠለኝ?» ብላ ስትጠይቅ ከሌላ ሰው ከምትሰማ ብዬ እኔ ነኝ አልኳት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ከእጄ አትጎርስም፤ እማማ ናት በዚያ በሚያማት ራሷ ተነስታ የምታበላት። ቀልድ ሁሉ ሞከርኩ። የምትጠይቀው የአንቺን መምጫ ብቻ ነው።

አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። ሰሞኑን በየቤቱ ያሉት ማሽኖች ሁሉ በኢንተርኔት ራሳቸውን አደሱ ተባለ። አሁን ቻርጅ የሚደረጉት ቀስ ብለው ነው፤ ምሳ ቀርቶ እራትም ያልፋል። ጩኸታቸውም ጠፍቷል። እኔ ሳልነካቸው። ፖስተሩንም መጥተው ቀየሩት። አንቺ ታውቂ ይሆን?

ወንድምሽ

ሚያዝያ 14

ወንድሜ፣

አውቃለሁ።

ይህ ደብዳቤ በበሩ አላለፈም፤ የላክሁት ከከተማው ፖስታ ቤት ነው። ከሥራ ወጥቻለሁ። ስልኬን ከነፖስታው መልሰውልኛል። ያልደወልኩልህ ድምፅህን የምሰማበት ፊት ስለሌለኝ ነው።

ኅዳር ላይ ማሽኖቹ በዚያ ፍጥነት ሲሞሉ ባትሪያቸው ከልክ በላይ ይግል ነበር። እኔና ሳቂታ መደርደሪያውን በቀይ ምልክት ሞላነው። ለአለቃችን ነገርነው፣ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። በኋላ ከበላይ መፍትሔ መጣ፤ ቻርጅ እስከሆነ ድረስ ፋኑ ባለ በሌለ ኃይሉ ይሽከርከር ተባለ። እንዲያ ሲሆን ማሽኑ የሙቀት ፍተሻውን ለጥቂት አለፈ። ያለፈው በእኔ እጅ ነው፤ ቀዩን እያነሳሁ አረንጓዴ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ያ ጩኸት ነበር ልጄን የሚጠብቃት። ጩኸቱ እስካለ ድረስ ምንም አይሆንም ብዬ አምኜ ነው ማሽኑን የላክሁላት።

አንተ ምክንያት አለው ወይ ስትለኝ ርካሽ ፋን ነው አልኩህ። የበሩ ሰው ያነበዋል ብዬ ፈራሁ። የሳቂታ የተጠቀለለ አልጋ ታየኝ። ኮንትራቱ ታየኝ፣ ያ መደርደሪያ ያለው ክፍል ታየኝ። ከእማማ ክፍል ራቅ ይበል ብዬ በጎን ያስጠነቀቅኩህ መስሎኝ እፎይ አልኩ። በዓለም ላይ ፋን ዝም የሚያሰኝ አንድ ሰው አውቃለሁ፣ እሱም ወንድሜ ነው፤ ያን ዕለት ግን ይህ ትዝ አላለኝም። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ። የእኔ ወለምታ እንኳ አይደለም፣ ተቀምጬ አስቤ የጻፍኩት ነው።

ከዚያ ደግሞ ዓይኔን በጨው አጥቤ ይቅር አልኩህ። እኔ ነበርኩ እግርህ ላይ መውደቅ የነበረብኝ። በዚያ ይቅርታ ተደግፈህ እንደፈረምክ ሳነብ ደብዳቤህን ይዤ አለቃዬ ዘንድ ገባሁ፣ ያወቅሁትን ሁሉ ነገርኩት። «አሁን ቀስ ብሎ እንዲሞላ አድርገናል፣ አልቋል» አለኝ። ለወንድሜ አላለቀም አልኩት። ከሰዓት በኋላ አልጋዬን ጠቀለልኩ።

ይህን ደብዳቤ ለፈለግከው አሳይ፤ ለዳኛም፣ ለዚያ ትሑት ሰውዬም። በተጠራሁበት ሁሉ ቀርቤ እናገራለሁ። ለአንበጣም ንገራት። እንዳኮረፈችህ አትኑር፣ ይህን መሸከም አልችልም። የወሩ መጨረሻ ላይ እደርሳለሁ። ምን እንደምትለኝ አስቀድሜ ማወቅ እፈልጋለሁ፣ ለዚህ አድራሻ ጻፍልኝ።

እህትህ

ሚያዝያ 23

ደብዳቤሽ ደርሶኛል።

ለአንበጣ ንገራት ብለሻል። አልነገርኳትም፤ አልነግራትምም። ከአንቺ መሆኑን በእጅ ጽሑፍሽ አውቃ ምን ይላል ስትለኝ፣ ከብዙ ቀን በኋላ ያናገረችኝ ያን ዕለት ነው። እናትሽ ልትመጣ ነው አልኳት። እንደ ድሮዋ አልዘለለችም፣ ግን ከአልጋው ወረደች።

ይህን ወረቀት ይዤ ብሄድ ፊርማዬን ያፈርስልኝ ይሆናል። መጀመሪያ የሚጠሩት ግን አንቺን ነው። የምትናገሪውንም ሰፈሩ ሰምቶ ከማግስቱ በፊት ለእሷ ያደርስላታል። እኔን አጥታኛለች። አንቺንም ካጣች ያቺ ልጅ በዚያ እጇ ማንን ትይዛለች? ስለዚህ ወረቀቱን ለማንም አላሳይም።

ለአንቺ ብዬ እንዳይመስልሽ። ለአንቺ የሚሆን ምንም አልተረፈኝም። ፈርተሽ የዋሸሽው ይገባኛል፤ እኔም ፈርቼ ዋሽቼሻለሁ፣ ትምህርት በዝቶባት ነው ብዬ ጽፌልሻለሁ። ያቺን የይቅርታ ደብዳቤ ግን ስሜያት ነበር። እማማ መርቃሽባታለች። ይህን ምን እንደማደርገው አላውቅም። ይቅር በለኝ ብለሽ ዳግመኛ እንዳትጽፊልኝ፣ ቃሉን ማየት አልፈልግም።

በመጣሽ ዕለት ቤት አልገኝም። ከከተማ ውጭ አንድ መጋዘን ውስጥ ዕቃ የመጫን ሥራ አግኝቻለሁ፣ ማደሪያም አለው። የእማማ መድኃኒት መስኮቱ ላይ ነው፤ ከምግብ በኋላ ትወስዳለች፣ ረስቻለሁ ብላ እንዳታታልልሽ። የአንበጣን ቀኝ እጅ ሐኪሙ ባሳየኝ መንገድ እማማ ጠዋት ጠዋት ታፍታታዋለች፤ ያማታል፣ አብረሽ እንዳታለቅሺ። ስታዪው አትደንግጪ፤ ሰው ሲደነግጥባት ከጀርባዋ ትደብቀዋለች።

መጠየቋ አይቀርም። ማን ነው ያቃጠለኝ ብላ እንደገና ትጠይቅሻለች፣ ከአንቺ መስማት ትፈልጋለች። አጎትሽ ነው በያት። ስትነግሪያት ዓይን ዓይኗን እያየሽ ይሁን፤ ካቀረቀርሽ ይገባታል።

ወንድምሽ